የጥንት ጦርነት በጨዋታ

ሥራ ሲቀል ሰው ይጫወታል። እህሉ ከአውድማ ሲገባ ወጣቶች ገና ይጫወታሉ። ልጃገረዶች ይዘፍናሉ። ሽማግሌዎች ከጥላ ሥር ገበጣ ይዘው ይቀመጣሉ። የከተማው ሰው ደግሞ በዕረፍት ቀኑ ወደ ሶደሬ ይወርዳል። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለች የፍል ውሃ ቦታ ናት። አንዱ ወገቡን ሊታጠብ ይመጣል፤ አንዱ ሊዋኝ ይመጣል፤ አንዱ ዝም ብሎ ሊያርፍ ይመጣል።

እንግዲህ የጨዋታው ዓይነት ብዙ ነው። በዚህ ትምህርት የምናነበው ስለ አንዱ ብቻ ነው። ይኸውም ያለፈን ጦርነት በጨዋታ መልሶ ማሳየት ነው። ሰዎች የጥንቱን ልብስ ይለብሳሉ። የጥንቱን መሣሪያ ይይዛሉ። አንዱ ይሸሻል፤ ሌላው ያባርራል። ማታ ግን ሁሉም በደኅና ወደየቤቱ ይገባል። ታዲያ ይህ ጨዋታ ምን ይጠቅማል? ምንስ ይጎዳል? እስቲ እንየው።

1. የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ

በመጀመሪያ ከሩቅ አገር እንነሣ። ሽፍታ መንገድ ጠብቆ ነጋዴ እንደሚዘርፍ ሁሉ፣ የባሕር ወንበዴም በመርከብ ሆኖ የሌላውን መርከብ ይዘርፋል። ከ300 ዓመት በፊት እንዲህ ያሉ ወንበዴዎች ብዙ ነበሩ። እኛም አጠገብ ደርሰዋል። በ1687 ዓ.ም. ሄንሪ ኤቭሪ የሚባል እንግሊዛዊ ወንበዴ በቀይ ባሕር መግቢያ፣ በባብ ኤል መንደብ አድፍጦ ነበር። ያን ጊዜ በጎንደር ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ይገዙ ነበር። ኤቭሪና ጓደኞቹ ከመካ ሐጅ አድርገው ወደ ሕንድ የሚመለሱ ሰዎች የተሳፈሩበትን ትልቅ መርከብ ተከታትለው ያዙ። ገንዘቡን ዘረፉ። በመንገደኞቹም ላይ ከባድ ግፍ ፈጸሙ።

ዛሬ ግን የባሕር ወንበዴ መምሰል በአንዳንድ አገር የበዓል ጨዋታ ሆኗል። በአሜሪካ ታምፓ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። የከተማይቱ ሰዎች የወንበዴ ልብስ ለብሰው፣ በመርከብ መጥተው፣ ከተማቸውን በጨዋታ ይወርራሉ። ይህ በዓል የተጀመረው በ1896 ዓ.ም. ነው። የሚያስቀው ነገር፣ በመጀመሪያው ዓመት ወንበዴዎቹ የመጡት በመርከብ ሳይሆን በፈረስ ነበር! በመርከብ መምጣት የጀመሩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

በዓሉ የሚከበረው ሆሴ ጋስፓር በሚባል ወንበዴ ስም ነው። ታሪክ አዋቂዎች ግን ይህ ሰው በእውነት ስለ መኖሩ ማስረጃ ፈልገው አላገኙም። ስሙም ሥራውም ተረት ነው ይላሉ።

ጨዋታው ደስ ይላል፤ ማንንም አያቆስልም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ልብሱ ሲያምር ግፉ ይረሳል። የተዘረፈው መንገደኛ በጨዋታው ውስጥ የለም። ጨዋታውን የሚያይ ሕፃን ዘራፊውን ጀግና ነው ብሎ ሊያድግ ይችላል።

2. የእኛ ጉግስ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም በጨዋታ የሚታይ ጦርነት አለን። ስሙ ጉግስ ነው። ኦሮሞው ጉግሲ ይለዋል። በጥምቀት፣ በመስቀልና በሌላም በዓል ይጫወቱታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርራል። አባራሪው እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል። ሸሺው በጋሻ ይመክታል፤ ወይም ከፈረሱ ጎን ዘንበል ብሎ ያመልጣል። ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ያባረረው ይሸሻል፤ የሸሸው ያባርራል።

ይህ ጨዋታ በጥንት ጊዜ ትምህርት ቤት ነበር። ወጣቱ ፈረስ መግራትን፣ መወርወርንና መመከትን የሚለማመደው እንዲህ እየተጫወተ ነው። ጀግናም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ስሙ የፈረሱም የሰውየውም ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። እውነት ነው። ቢሆንም ያደረሰም ውለታ አለው። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የሚባል አለ። የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው ይሰበሰባሉ፤ ይጋልባሉ። በዚህም በአድዋና ከዚያ በኋላ በመጣው የጣሊያን ወረራ ጊዜ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ያስባሉ።

3. አድዋ ሲታሰብ

የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የጥንት ዘማች መስሎ ይወጣል። አንዱ ጎፈር ያደርጋል፤ አንዱ ጋሻና ጦር ይይዛል፤ ሌላው ይሸልላል፣ ይፎክራል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በተለያዩ ዓመታት ወጣቶች የአባቶቻቸውን መንገድ ለማየት ከአዲስ አበባ እስከ አድዋ በእግራቸው ተጉዘዋል። መንገዱ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን ጎፈርና ጋሻ ብቻውን አድዋ አይደለም። ወደ 100 ሺህ የሚገመተው ሠራዊት ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ምን በላ? ስንቁን ማን አዘጋጀ? እህሉን ማን ፈጨ? ውሃውን ማን ቀዳ? ብዙ ሺህ ሴቶች አብረው ዘምተዋል። በመቀሌ የጣሊያን ምሽግ በተከበበ ጊዜ፣ ምንጩን ከጠላት እጅ ማስለቀቅ የእቴጌ ጣይቱ ምክር ነበር። ምሽጉ ውስጥ ያለው ጦር በውሃ ጥም ተሸነፈ። እንግዲህ የአድዋን ዘመቻ በጨዋታ የሚያሳይ ሰው ጦር የያዘውን ብቻ ቢያሳይ ግማሹን ታሪክ ጣለው ማለት ነው። ወፍጮ የያዘችውም፣ በቅሎ የጫነውም፣ ቁስለኛ የተሸከመውም መታየት አለባቸው።

4. ጦርነት ሁለት ወገን አለው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ከሶደሬ ወደ ደቡብ ሽቅብ ብንወጣ የአርሲ ደጋ ነው። በዚያ ምድር ከ1874 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦርና የአርሲ ኦሮሞዎች ተዋግተዋል። የሸዋው ጦር ጠመንጃ ነበረው። አርሲዎች በአብዛኛው በፈረስና በጦር ተከላከሉ። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ በተባለ ቦታ ራስ ዳርጌ የመሩት ጦር አሸነፈ፤ ብዙ የአርሲ ሰው አለቀ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ደግሞ የኦሮሞ ፈረሰኞች ከሌላው ኢትዮጵያዊ ጋር ሆነው አድዋ ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋጉ።

ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለማክበር ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ሁለቱ ጦርነቶች በጨዋታ ሲታዩ አንድ ዓይነት አይደሉም። አድዋን ስንጫወት ጠላት ሆኖ የሚታየው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የአገር ውስጥ ጦርነት ሲታይ ግን የአሸናፊውም የተሸናፊውም የልጅ ልጆች ከተመልካቹ መካከል ናቸው። ጎን ለጎን ያርሳሉ፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ተጋብተዋል። በአንዱ አያት ሞት ሌላው እልል ካለ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ቁስል ይነካል።

ታዲያ ይህ ታሪክ ዝም ይባል? አይባል። ይነገር፤ ይጻፍ፤ ለልጆች ይማር። ግን በፉከራ ሳይሆን በሐዘንና በአክብሮት ይሁን። ሁሉም ታሪክ ጋሻ ተይዞ አይጫወቱትም። አንዳንዱ ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ነው።

5. ከመጫወት በፊት መጠየቅ

ጨዋታው እውነት እንዲሆን መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥንቱን ነገር የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ድሮ የሰሙትን በልብ ብቻ እንይዝ ነበር። ዛሬ እርሳስና ደብተር አለን፤ መጻፍም እናውቃለን። ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈው አብሮ ይቀበራል።

እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦

«አባባ፣ የእርስዎ አባት ጉግስ ሲጫወቱ ጋሻቸው ከምን የተሠራ ነበር?»
«ከጎሽ ቆዳ ነበር፣ ልጄ።»
«ይህን በዓይንዎ አይተው ነው ወይስ ሰምተው?»
«ጋሻውን አይቻለሁ። ከጎሽ ቆዳ መሆኑን ግን የነገሩኝ አጎቴ ናቸው።»

ይህ መልስ ወርቅ ነው። ያዩትንና የሰሙትን ለየ። በደብተራችን ላይ አራት ነገር እንጻፍ፦ ማን ነገረኝ? የትና መቼ ነገረኝ? ያየውን ነው ወይስ የሰማውን? ሌላ ሰው ስለዚሁ ነገር ምን አለ? ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ቢነግሩን ሁለቱንም እንጻፍ እንጂ አንዱን አንሰርዝ። የታምፓ ሰዎች ወንበዴ ተረት ሆኖ የቀረው ማስረጃ ስለሌለው ነው። የእኛ እውነት ተረት እንዳይባል እንጻፈው።

6. ጉግስ በሶደሬ ቢታይ

የሶደሬ አካባቢ ወጣቶች ከደጋው ፈረሰኞች ጋር ሆነው ለእንግዳ ጉግስ ቢያሳዩ መልካም ነው። ግን የሚከተለውን ያስቡ።

ሀ. ዘንጉ ብረት የሌለውና ጫፉ ያልሾለ ይሁን። ጠመንጃ ወደ ጨዋታው አይግባ።

ለ. ጋሻ ድሮ ከጎሽና ከጉማሬ ቆዳ ይሠራ ነበር። የአዋሽ ጉማሬ ግን በሕይወቱ ይኑር። የበሬ ቆዳ ይበቃል።

ሐ. ሶደሬ ቆላ ነው። የደጋ ፈረስ በክረምትና ክረምቱ እንደ ወጣ ወደ ቆላ ቢወርድ፣ በጥቃቅን ትንኞች ንክሻ የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ጨዋታው በበጋ፣ ለምሳሌ በጥር ቢሆን ይሻላል። በማለዳ ይጋልቡ። ፈረሱ ጥላና ውሃ ያግኝ።

መ. ለተመልካች የተለየ ቦታ ይከለል። ሕፃናት ወደ ሜዳው እንዳይገቡ ጠባቂ ይቁም።

ሠ. ከጨዋታው በፊት አንድ ሰው ከደብተሩ ታሪኩን ያንብብ። ተመልካቹ የሚያየው ምን እንደሆነ ይወቅ። ሲያልቅ ሁለቱ ወገኖች ከፈረስ ወርደው ይጨባበጡ። አብረውም ይብሉ።

መልመጃ

1. የታምፓ ወንበዴዎች በመጀመሪያው ዓመት በምን መጡ?
2. ጉግስ በጥንት ጊዜ ለወጣቱ ምን ያስተምር ነበር?
3. በአድዋ ዘመቻ ጦር ከያዙት ሌላ እነማን ሥራ ሠሩ? ሦስት ጻፉ።
4. የአገር ውስጥ ጦርነትን በጨዋታ ማሳየት ለምን ጥንቃቄ ይፈልጋል? በቡድን ተወያዩ።
5. በመንደራችሁ ያሉ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ስለ አንድ የጥንት ጨዋታ ጠይቁ። የነገሯችሁን በአሥር መስመር ጻፉ። ያዩትንና የሰሙትን ለዩ።

የቃላት ፍቺ

ማድፈጥ — ተደብቆ መጠበቅ
ወንበዴ — ዘራፊ፣ ቀማኛ
መመከት — የተወረወረን ነገር በጋሻ መከላከል
ጎፈር — ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ የጀግና የራስ ጌጥ
ማስረጃ — አንድ ነገር እውነት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ወይም ጽሑፍ