እኩል ስፋት ያላቸውን ቀጫጭን እንጨቶች እንዴት እንሰንጥቅ?

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በፋርታም ሆነ በላይ ጋይንት ገጠር ስንመደብ፣ ብዙውን የሒሳብ መርጃ መሣሪያ የምንሠራው በገዛ እጃችን ነው። ርዝመታቸው 20፣ ስፋታቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሥር እንጨቶች ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንድ ካሬ ይሆናሉ፤ ሕፃኑም አንድ አሥረኛን በዓይኑ ያያል። ስፋታቸው ከተለያየ ግን የምናስተምረው ስሕተት ነው።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል? በ20 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ላይ አሥሩንም ባንዴ አሥምረን ብንሰነጥቅና መጋዙ በየመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ በዘጠኝ ቆረጣ 18 ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል! መፍትሔው ቀላል ነው፦

1. ስፋቱ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ መለኪያ እንጨት እናዘጋጅ። ባንድ ጎኑ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ የጣውላውን ጠርዝ የሚይዝ ቁራጭ እንቸንክርበት።
2. የጣውላውን ጠርዝ በመላጊያ አቅንተን፣ መለኪያውን አስጠግተን በሾለ እርሳስ እናሥምር።
3. ጣውላውን በሞርሳ አስረን ከመስመሩ ወጣ ብለን እንሰንጥቅ፤ ከዚያ እስከ መስመሩ እንላግ።
4. ሁለተኛውን የምናሠምረው የቀረውን ጠርዝ እንደገና ካቀናን በኋላ ነው፤ መለኪያው ያው ነው፣ አይለወጥም።

መጋዙና መላጊያው ስለሚበሉ የጣውላው ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ዋንዛ ለመላግ ይመቻል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጣመማል።

የሞተር መጋዝ ባለበት ደግሞ ቀጭኑ እንጨት ከመደገፊያው በተቃራኒ ጎን ይውጣ። በመደገፊያውና በመጋዙ መካከል ከተቀረቀረ ተወርውሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻ አሥሩን ደርድረን እንለካ። 20 ሳንቲ ሜትር ከሞላ ወደ ክፍል ይግባ፤ ካልሞላ ይመለስ! የሕፃን ዓይን አይታለልምና።