አዲሱ ቢራ ሲቀመስ፦ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ምላስና የፀሐይ ብርሃን

በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከዚህ ቀደም ያላየነው ጠርሙስ ብቅ ሲል ከቀማሾቹ አንዱ «ይህማ ተበላሽቷል» ይላል፤ ሌላው «እንዲህ ያለ መዓዛ ቀምሼ አላውቅም» ብሎ ያደንቃል። በተለይ ክራፍት ቢራ እየተባለ የሚጠራው፣ በአነስተኛ ጠማቂዎች የሚዘጋጀው ቢራ ለእንዲህ ያለ ክርክር የተጋለጠ ነው። ለመሆኑ የቀማሹ ፍርድ የሚያርፈው በጠማቂው ላይ ነው፣ በባለሱቁ ወይስ በራሱ በቀማሹ ምላስ ላይ? ይህ ጽሑፍ ከቅምሻ በስተጀርባ ያለውን ሳይንስ በመመርመር ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

ቢራና ዘመዱ ጠላ

ቢራ በመሠረቱ ከአራት ነገሮች ይሠራል፤ እነርሱም ውሃ፣ ብቅል፣ ሆፕና እርሾ ናቸው። በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይራል። ይህ ሂደት ጠላ ለሚጠምቁ እናቶቻችን እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ መራራ ጣዕሙን የሚሰጠው ተክል ላይ ነው። ብዙዎች ሆፕን «የፈረንጅ ጌሾ» ቢሉትም ሁለቱ ተክሎች ዝምድና የላቸውም። የሆፕ ምሬት የሚመጣው አበባው ሲፈላ ከሚፈጠሩት አይሶሁሙሎን ከሚባሉ ውሁዶች ነው። ከጌሾ ደግሞ ጌሾይዲን የተባለ ሌላ መራራ ውሁድ ተለይቶ ወጥቷል። ስለዚህ ጠላ እየጠጣ ያደገ ሰው ለምሬት ባዳ አይደለም፤ አዲስ የሚሆንበት የምሬቱ ዓይነት ነው።

ዓይን ምን ያያል?

ቢራው ሲቀዳ በቅድሚያ የሚታየው አረፋው ነው። አረፋውን አጽንተው የሚያቆዩት ከገብሱ የሚገኙ ፕሮቲኖችና የሆፕ መራራ ውሁዶች ናቸው። በብርጭቆው ላይ የቀረ ቅባት ወይም የሳሙና ርዝራዥ አረፋውን ቶሎ ያጠፋዋል። ስለሆነም «አረፋ የለውም» ብሎ ቢራውን ከመውቀስ በፊት ብርጭቆውን መመርመር ተገቢ ነው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አርንድ ላይከ የቢራ አረፋ ቁመት እየቀነሰ የሚሄደው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በሚመነምንበት ሕግ መሠረት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይተዋል። ተማሪዎችም የአረፋውን ቁመት በየ30 ሰከንዱ በማስመሪያ እየለኩ ይህንኑ ሊፈትኑ ይችላሉ።

አፍንጫና ምላስ

«ጣዕም» የምንለው ነገር አብዛኛው ክፍል በእርግጥ ሽታ ነው። አፍንጫን ይዞ አንድ ጉንጭ መቅመስ፣ ከዚያም አፍንጫውን መልቀቅ ይህን ወዲያው ያረጋግጣል። ሞቅ ባለ ሙቀት፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሠራ እርሾ ኤስተር የተባሉ የፍራፍሬ መዓዛ ያላቸውን ውሁዶች በብዛት ያመነጫል። ሙዝ ሙዝ የሚለው አይሶአሚል አሲቴት ከእነዚህ አንዱ ነው። በቅዝቃዜ የሚጠመቀው የተለመደው ላገር ቢራ ግን ይህ መዓዛ አይጎላበትም። ስለዚህ የሙዝ ወይም የብርቱካን ሽታ በራሱ የብልሽት ምልክት አይደለም። በአንጻሩ የኮምጣጤ ሽታ፣ ወይም ያልበሰለ ቢራ የሚያመጣው የቅቤ ሽታ ሲበዛ፣ ብዙውን ጊዜ ጉድለትን ያመለክታል።

ምላስን በሚመለከት፣ ምሬት የሚታወቀው በምላስ ሥር ብቻ ነው የሚለው የቆየ ትምህርት ስሕተት ነው። መራራን ጨምሮ ሁሉም ጣዕሞች ቀማሽ ሕዋሳት ባሉባቸው የምላስ ክፍሎች ሁሉ ይታወቃሉ። የሰው ልጅ 25 ያህል የመራራ ተቀባዮች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ሦስቱ ለሆፕ ውሁዶች ምላሽ እንደሚሰጡ ተረጋግጧል። ምሬቱ የሚለካው ደግሞ በአንድ ሊትር ውስጥ በሚገኝ የአይሶሁሙሎን ሚሊግራም ግምት ነው። የተለመደው ላገር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሲሆን፣ በሆፕ የዳበሩት ቢራዎች ከ40 በላይ ይደርሳሉ።

ፀሐይ የምትሠራው ጥፋት

አሁን ወደ ባለሱቁ እንምጣ። የቢራ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ብርሃኑን ይቀበልና አይሶሁሙሎንን ያፈራርሳል። ስብርባሪው ድኝ ካላቸው ውሁዶች ጋር ተዋሕዶ እጅግ የሚከረፋ ሞለኪውል ይፈጥራል። ይህንን ለማሽተት በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት የግራም ቢሊዮንኛ ይበቃል። ቡናማ ጠርሙስ ቢራውን በሚገባ ይጠብቀዋል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን ብዙም አይከላከሉለትም። ሙቀትም በበኩሉ ቢራውን ያስረጀዋል፤ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ያመጣበታል። ሉዊ ፓስተር ቢራን የሚያበላሹት ረቂቃን ሕዋሳት መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተዋል። አነስተኛ ጠማቂዎች ግን ብዙ ጊዜ ቢራቸውን በሙቀት ስለማያክሙት፣ በሙቅ መደርደሪያ ላይ የሚደርስበት ጉዳት ይከፋል።

ይህን በሙከራ ማየት ለሚፈልግ፦ በአንድ ቀን ከተጠመቀ ቢራ ሁለት አረንጓዴ ጠርሙሶች ይውሰድ። አንዱን ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ከዚያም ሁለቱን እኩል ያቀዝቅዝ። ሌላ ሰው በሦስት ብርጭቆዎች፣ ሁለቱን ከአንዱ ጠርሙስ፣ አንዱን ከሌላው ይቅዳለት። ቀማሹ ልዩ የሆነውን እንዲያው በግምት የማግኘት ዕድሉ 1/3 ነው። ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሦስቱንም ካገኘ፣ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ወደ 1/27 ዝቅ ይላል። ለሙከራው ደግሞ ማሽተት ብቻ ይበቃል፤ መጠጣት አያስፈልግም።

ስለ መጠኑ አንድ ቃል

አዲሶቹ ቢራዎች የአልኮል መጠናቸው ይለያያል። 330 ሚሊሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ሲኖረው፣ 8 በመቶው ግን ወደ 21 ግራም ይጠጋል። ሁለት ጠርሙስ የጠጣ ሰው ከሦስት በላይ ጠርሙስ እንደጠጣ ይቆጠራል ማለት ነው። ስለዚህ ከመቅመስ በፊት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን መከልከሉንም ማስታወስ ያሻል።

እንግዲህ ለመነሻ ጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ ፍርዱ በሦስቱም ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጠማቂው ወራት የደከመበትን ሥራ በመስኮት በኩል የገባ የከሰዓት ፀሐይ ሊያጠፋበት ይችላል፤ ደንበኛውም ጠማቂውን ተቀይሞ ላይመለስ ነው። ስለሆነም ባለሱቁ ጠርሙሱን ከጥላ ሥር ያኑር፤ ቀማሹም «ተበላሽቷል» ከማለቱ በፊት ብርጭቆውን ይመርምር፣ ያሽት፣ ከየት መደርደሪያ እንደተነሣ ይጠይቅ። መልካም ቀማሽ ለመፍረድ የማይቸኩል ነውና።