የጅቡቲ ምድር ባቡር፤ ታሪኩና የየዓመቱ ሥራው

የጅቡቲ ከተማ ኑሮ በወደብና በሐዲድ ላይ የቆመ ነው። መርከብ ያመጣውን ዕቃ ወደ ደጋው አገር የሚያሳልፍ መንገድ ባይኖር ኖሮ፤ ወደቡ ይህን ያህል ባልሰፋም ነበር። ስለዚህ ነዋሪውም ሹሙም የምድር ባቡሩን ነገር ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ አነሣሡ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ የሐዲዱም ስፋት 1 ሜትር ነበር። የሆልሆል ሸለቆ በብረት ድልድይ ተሻግሮ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። በዚያም ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው ሥራው ቆመ። በ1900 ዓ.ም. ለሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ አዲስ ውል ተሰጥቶ፤ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

2ኛ፤ ባለቤትነቱ። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል ኩባንያው የኢትዮጵያና የፈረንሳይ የጋራ ሆነ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፤ በ1973 ዓ.ም. ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሆነ።

3ኛ፤ የአሮጌው መስመር ፍጻሜ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መስመሩ ተቈረጠ፤ ድልድዮችም ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ ስላልተገኘ ሐዲዱ አረጀ፤ ባቡሩም ዘገየ። ነጋዴውም ጭነቱን ለመኪና ሰጠ። ጭነት ሲቀንስ ገቢ ቀነሰ፤ ገቢ ሲቀንስ ጥገናው ይብሱን ቀረ። እንዲህ እየሆነ መስመሩ ሥራውን አቆመ፤ በየጣቢያው ለመንገደኛ ምግብና ውሃ እየሸጠ ይኖር የነበረውም ሰው እንጀራውን አጣ።

4ኛ፤ አዲሱ መስመር። በሁለት የቻይና ኩባንያዎች የተሠራው፤ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው መስመር የሚሠራው በ25,000 ቮልት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በአዲስ አበባ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፤ በጅቡቲ በናጋድ ጣቢያ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። መደበኛ አገልግሎቱ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ተጀመረ። ከአክሲዮኑ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፤ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። ሥራውን ያካሂዱ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች በ2016 ዓ.ም. አስተዳደሩን ለሁለቱ አገሮች ሠራተኞች አስረከቡ።

5ኛ፤ የየዓመቱ ሥራ። ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ያለው ሐዲድ ነጠላ ስለሆነ፤ ከሁለት ወገን የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ይጠብቃል። በቈላው ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ሲገቡ እንስሳው ይሞታል፤ ባቡሩም ይቆማል። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥም እንዲሁ ነው። ከዚህም ሌላ ገቢው በአብዛኛው ከጭነት የሚገኝ ስለሆነ፤ የመንገደኛው ጉዞ ከጭነቱ ጋር ተስማምቶ መሰናዳት አለበት። ናጋድም ከመኻል ከተማ የራቀ በመሆኑ፤ መንገደኛው ወደ ጣቢያው የሚያደርሰው መኪና ያስፈልገዋል።

ከአሮጌው መስመር የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሐዲድ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ካልጠበቁት ይጠፋል። ሹሙ የጥገናውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ሳያውል፤ እረኛው ከብቱን ከሐዲዱ እያራቀ፤ መንገደኛውም ዋጋውን እየከፈለ ቢጠብቁት፤ አዲሱ መስመር ለልጅ ልጅ ይተርፋል።