ያረጀ የእርሻ በሬ ሲደክም የሚያሳያቸው ምልክቶች

ለብዙ ዓመት ቀንበር የተሸከመ በሬ ሲከሳ አብዛኛው ሰው «አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን እርጅና ቀስ በቀስ የሚመጣ እንጂ በሬን በጥቂት ሳምንት የሚያከሳ አይደለም። በእርጅና እየተሳበበ ሳይታከም የሚቀር በሽታ ብዙ ነው። በእርሻ መካከል በሬ የወደቀበት ገበሬ ደግሞ የዘር ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ማረሻው ከመውጣቱ በፊት፣ በመጋቢት ወር፣ በሬዎን እንደሚከተለው ይመርምሩ።

1ኛ/ ጥርሱ፦ በሬውን በሚገባ አስይዘው አፉን ይክፈቱ። በሬ የፊት ጥርስ ያለው በታችኛው መንጋጋ ብቻ ሲሆን ቁጥራቸውም 8 ነው። እነዚህ አልቀው ድዱ ላይ ከደረሱ ወይም ከተነቃነቁ አጭር ሣር መጋጥ ይቸግረዋል። ያኘከው መኖ ከአፉ የሚወድቅ ከሆነ ግን ሕመሙ በመንጋጋ ጥርሱ ሊሆን ይችላል።

2ኛ/ ማመስኳቱ፦ ጤነኛ በሬ ተኝቶ ሲያርፍ ያመሰኳል። ማመስኳት ያቆመ በሬ ታሟል እንጂ አላረጀም።

3ኛ/ ዓይኑ፦ የታችኛውን ቆብ ገልጠው ይዩ። ውስጡ ቀላ ማለት ሲገባው ከነጣ ደም አንሶታል። ረግረግ የሚግጥ በሬ ከዚህ ጋር በመንጋጋው ሥር ካበጠ የጉበት ትል፣ ቆላ የሚውል በሬ ከከሳ ገንዲ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።

4ኛ/ ውፍረቱ፦ ጠዋት ሳይበላና ሳይጠጣ፣ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ደረቱን በገመድ ዙሪያውን ለክተው ጫፉ የገጠመበትን ቦታ ይቋጥሩ። በወሩ ሲለኩት ጫፉ ቋጠሮው ጋ ሳይደርስ ከገጠመ በሬው ከስቷል።

ሐኪሙ መርምሮ በሽታ ካላገኘና ጥርሱ ብቻ ካለቀ፣ ጭዱን ከትፈው ጥቂት ጨው በገባበት ውኃ አርሰው ይስጡት። የሥራውንም ሰዓት ያሳጥሩለት። ከብርቱ ወይፈን ጋር አይጥመዱት፤ ቀንበሩ ያዘነብልበታል። የሚሸጡትም ከሆነ ሣር ጠግቦ ሥጋ በያዘበት በጥቅምትና በኅዳር ይሽጡት እንጂ በጋው እስኪያከሳው አይጠብቁ። መድኃኒት የወሰደ በሬ ግን ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይሞላ ለእርድ አይሰጥም።

የልማት ሠራተኛ ሆይ! ይህን ምርመራ ለገበሬው በቃል ብቻ አትንገረው፤ ከራሱ በሬ ዘንድ ቆመህ፣ ገመዱን በእጁ አስይዘህ አሳየው።