አየር ስለሚስብ የጉድጓድ ፓምፕ

ባለፈው ትምህርታችን ጉድጓድ ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ መቆፈር እንዳለበት ተናግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ በጉድጓዱ ላይ ስለሚተከለው የእጅ ፓምፕ፣ ይልቁንም ፓምፑ በውኃ ፈንታ አየር እየሳበ ሲያስቸግር በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል እንነግራችኋለን። ነገሩ የብረት ሠሪ ሥራ እንጂ የጤና ሠራተኛ ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን ቀጥሎ እንደምታዩት የልጆቻችሁን ሆድ የሚነካ ነው።

አስቀድሞ ፓምፑ ውኃውን እንዴት እንደሚያወጣ እንመልከት። ልጆች የስንዴ አገዳ ቆርጠው ከዋንጫ ብርዝ ሲስቡ አይታችኋል። አገዳው ደኅና ከሆነ ብርዙ ሽቅብ ይወጣል፤ በጎኑ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ ካለችበት ግን ልጁ ጉንጩ እስኪሰረጕድ ቢስብም የሚያገኘው ነፋስ ብቻ ነው። ፓምፑም እንዲሁ ነው። እጀታውን ወደ ታች ስትጫኑት በሆዱ ያለው ቆዳ ወይም ጎማ ሽቅብ ይነሣና ከሥሩ ያለውን አየር ያሳሳዋል፤ ያን ጊዜ በጉድጓዱ ውኃ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ውኃውን በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህም ልክ አለው። በባሕር ጠረፍ አየር ውኃን እስከ 10 ሜትር ያህል ሊያነሣ ይችላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ከ8 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ 6 ሜትር ያህል ነው። ውኃው ከዚያ በታች ከራቀ፣ አንዲት ቀዳዳ ባይኖርበትም እንዲህ ያለው ፓምፕ አያወጣም። እንደ አፍሪዴቭ ያሉት የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖች የሚስበው ክፍላቸው ውኃው ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ የዛሬው ትምህርት እነርሱን አይመለከትም፤ እነርሱ ሲበላሹ ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ መንገር ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሚስበው ቱቦ ላይ ያለ ቀዳዳ ፓምፑ ሲሠራ ውኃ አያፈስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «የሚንጠባጠብ ነገር ስለሌለ ደኅና ነው» ይላል። ቀዳዳው ወደ ውጭ የሚሰጥ ሳይሆን ከውጭ የሚወስድ ነው። ዙሪያው አየር ከሆነ አየር ይወስዳል፤ ዙሪያው ኩሬ ከሆነስ?

በአንድ መንደር ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት ፓምፓቸውን አሳዩን። «በጋውን ሙሉ እየተንተፋተፈ ሲያስመርረን ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን እግዜር ይስጠው በራሱ ዳነ» አሉን። በዚያው ክረምት ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው ተቅማጥ ይዟቸው ከርሟል። «እማማ፣ የሚፈሰው ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብንላቸው፣ «የት ይሄዳል ልጆቼ፣ እዚያው ሥሩ ነዋ! አህያውም ዶሮውም እሱኑ ይጠጣል» አሉ። ጭቃውን በአካፋ ገፋ አድርገን ብናይ የቱቦው መጋጠሚያ ላልቶ ከኩሬው ሥር ተቀምጧል። ፓምፑ አልዳነም፤ በበጋ አየር ይስብበት በነበረው ቀዳዳ በክረምት የአህያና የዶሮ ኩሬ ይስብ ነበር። የልጆቹ ሕመም ከዚያ ብቻ መጣ ለማለት አንችልም፤ ተቅማጥ በእጅም በዝንብም በምግብም ይመጣል። ነገር ግን ያን ውኃ ለልጅ መስጠት ከኩሬው ቀድቶ ከመስጠት ብዙ አይለይም። ስለዚህ በበጋ ሲተፋ የነበረ ፓምፕ በዝናብ ወራት ሳይጠገን ከተሻለው፣ ደስ አይበላችሁ፤ ሥሩን ቆፍራችሁ እዩ።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። ውኃው እየተቆራረጠና አረፋ እየቀላቀለ ሲወጣ ምክንያቱ ሁለት ነው። ወይ ቱቦው አየር እየሳበ ነው፤ ወይም የጉድጓዱ ውኃ ወርዶ የቱቦው ጫፍ ባዶ ቀርቷል። ጧት ደኅና ሰጥቶ ብዙ ሰው ከቀዳ በኋላ የሚተፋ ከሆነ፣ ጥቂት ሰዓትም ሲያርፍ የሚሻለው ከሆነ፣ ያነሰው ውኃው ነው፤ ፓምፑን አትንኩት። ጧትም ማታም ያው ከሆነ ግን ቀዳዳ ፈልጉ። እጀታው ያለ አንዳች ክብደት የሚወርድ ከሆነ ቆዳው አልቋል ወይም ደርቋል፤ የደረቀውን ቆዳ አውጥቶ በንጹሕ ውኃ ማሳደር ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። እጀታው ከብዶ፣ ሲለቁትም ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አየር አይደለም፤ የቱቦው ጫፍ በአሸዋ ወይም በደለል ተደፍኗል።

ቀዳዳውን ለማግኘት የልብስ ሳሙና በጥቂት ውኃ ምቱና ወፍራም አረፋ አውጡ። አንድ ሰው ፓምፑን ሲመታ ሌላው ከፓምፑ ግርጌ ጀምሮ በየመጋጠሚያው ላይ አረፋውን ይቀባ። አየር የሚስበው ቦታ ላይ አረፋው ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል፤ አንዳንዴም ሲዋጥ ይታያል። ነፋስ በሌለበት ጧት የጧፍ ወይም የእጣን ጢስም ይረዳል፤ እጀታው በተጫነ ቁጥር ጢሱ ወደ ቀዳዳው ይታጠፋል። አረፋው ይሻላል እንላለን፤ ጢስ በጥቂት ነፋስ ያታልላል። ከመሬት በታች የገባውን ክፍል አፈሩን ሳያነሡ መመርመር አይቻልም።

ከተገኘ በኋላ አብዛኛው ሥራ ቀላል ነው። የላላውን ቡሎን ማጥበቅ ነው፤ ብረቱ እንዳይሰነጠቅ ግን በልክ ይሁን። ያረጀውን ጎሚኒ መለወጥ፣ የሚጠመዘዘውን ጫፍ አጥቦና አድርቆ ቴፍሎን ደጋግሞ መጠቅለል ነው፤ ቴፍሎኑ ቱቦው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ካልተጠቀለለ ሲገባ ይፈታል። የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ አጥብቆ መጠምጠምም ለጥቂት ቀን ያቆያል። እበት ግን አትለቅልቁበት! እበት ለጎተራ ነው፤ እዚህ ላይ ከተለቀለቀ ፓምፑ ስቦ ወደ እንስራችሁ ያስገባዋል።

ሌላው ትልቅ ጥፋት ውኃ እየጨመሩ ፓምፑን ማስነሣት ነው። ፓምፑ ደርቆ ሲገኝ በቅርብ ያለውን ውኃ፣ የኩሬም ሆነ የወንዝ፣ በጣሳ ቀድቶ ከላይ መገልበጥ በየመንደሩ የምናየው ልማድ ነው። የመጀመሪያው ጀሪካን ያንኑ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፤ ጥቂቱም ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን 5 ሊትር የምትይዝ ንጹሕ ጀሪካን አዘጋጁና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ሞልታችሁ ክደኗት። በየጧቱ ውኃ ካልጨመሩበት የማይነሣ ፓምፕም በሽተኛ ነው፤ ቀን ሲሠራ አረፋ ሳይቀላቅል በደኅና እየሰጠ ሌሊቱን ብቻ የሚደርቅ ከሆነ፣ ውኃው ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዘው መዝጊያ ስለማይገጥም ነው፤ በመዝጊያው ላይ አሸዋ ተቀምጦ እንደሆነ አውጥታችሁ እጠቡት።

ቱቦው ከተፈታና ከተገጠመ በኋላ ጉድጓዱ በበረኪና መታከም አለበት። ይህን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆናችሁ አድርጉት። ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ፣ ውኃው 1 ሜትር ጥልቀት ሲኖረው 785 ሊትር ያህል ይይዛል። ከመቶ 5 እጅ የሚል ጽሑፍ ያለበት በረኪና ለ1,000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር ይበቃል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጉድጓድ ውኃው በያዘው በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት 8 ዴሲሊትር ያህል ይሆናል። ሽታ የተጨመረበት ወይም ከሌላ ሳሙና የተደባለቀ አይሁን። በባልዲ ውኃ አቅጥናችሁ ጨምሩ፤ የበረኪናው ሽታ በፓምፑ አፍ እስኪመጣ ምቱ፤ ከዚያ 12 ሰዓት ተዉት። ለዚያ ሌሊት የሚሆን የመጠጥ ውኃ አስቀድማችሁ ቅዱ፤ እጀታውንም ልጅ እንዳይነካው እሰሩት። በማግሥቱ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እየመታችሁ ከጓሮ አትክልትና ከወንዝ ርቆ አፍስሱት።