ራስን መቻል ሲባል፦ የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ስለ ማሳደግ

በበዓላት ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመጣ በደጁ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እጃቸውን የሚዘረጉትን አካል ጉዳተኞች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከኪሳችን የተገኘውን ሰጥተን እናልፋለን። ይህ ምጽዋት የሚነቀፍ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ግን ከደጁ የሚቀድም ነው፤ ይኸውም እነዚህ ሰዎች ልጆች በነበሩ ጊዜ በቤታቸው ማን ምን አስተማራቸው፣ ማንስ ምን ከለከላቸው የሚል ነው። በደጅ ከሚታዩት ሌላ ከመጋረጃ በስተኋላ የሚያድጉ ልጆች አሉ፤ የእነርሱን ቁጥር የቁምስናችን መዝገብ አይነግረንም።

ነገሩን በራሳችን ጥፋት መጀመር ይገባናል። ከዓመታት በፊት ልጆችን ለመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን ስናዘጋጅ፣ እግሮቿ የማይታዘዙላት አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀርባቸው አዝለው ያመጧትና ከኋላ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው እርሳቸውም አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። እኛም ልጅቱን ልንጠይቅ የሚገባንን ሁሉ እናቷን እንጠይቅ ነበር፤ ጸሎቱን አጥንታለች? ደክሟታል? ውሃ ትፈልጋለች? እናትም ይመልሱ ነበር። አንድ ቀን እናቲቱ ለጥቂት ጊዜ ወጣ ባሉ ጊዜ፣ ሌሎቹ ልጆች ያቃታቸውን ጥያቄ ልጅቱ ከኋላ ሆና መለሰችው። በዚያ ክፍል ከ4 ወር በላይ ስትቀመጥ ድምፅዋን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። መናገር ስለማትችል አልነበረም፤ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

በአማርኛችን አንድ ሰው «ራሱን ቻለ» ሲባል የሚታሰበን ጎጆ የወጣ፣ የራሱን እንጀራ የሚበላ፣ የሰው እጅ የማያይ ሰው ነው። ይህ አነጋገር አካሉ ለተጎዳ ልጅ ሲነገር እንደ ፍርድ ይከብዳል። ልብሱን ለመልበስ፣ ከአልጋው ለመውረድ የሌላ ሰው እጅ የሚያስፈልገው ልጅ እንግዲያው ለዘለዓለም ራሱን አይችልም ማለት ነውን? ነገር ግን ከመካከላችን የሚበላውን ጤፍ ራሱ አርሶ፣ ራሱ ፈጭቶ፣ ራሱ ጋግሮ የሚኖር ማን ነው? ሁላችንም በሰው እጅ እንኖራለን። ልዩነቱ እኛ የምንበላውንና የምንውልበትን ራሳችን መምረጣችን፣ ለእርሱ ግን ሌላው ሰው መምረጡ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ የሚገኘው የሜምፊቦስቴ ታሪክ ይህንኑ ያሳየናል። ሜምፊቦስቴ የዮናታን ልጅ ነው። የአባቱና የአያቱ የሳኦል ሞት በተሰማ ጊዜ የ5 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀና ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ (ምዕራፍ 4)። ዳዊት ከነገሠ በኋላ ስለ ዮናታን ወዳጅነት ሲል ፈልጎ አስመጣው፤ የአያቱን ርስት መለሰለት፤ ዘወትርም ከንጉሡ ማዕድ እንዲበላ አደረገው (ምዕራፍ 9)። ስብከታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ በእውነትም መልካም ታሪክ ነው። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ዳዊት ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የሜምፊቦስቴ አገልጋይ ሲባ አህዮች ጭኖ ወደ ንጉሡ መጣና ጌታው መንግሥትን ተመኝቶ በኢየሩሳሌም እንደ ቀረ ነገረው። ንጉሡም ሜምፊቦስቴን ሳይጠይቅ ርስቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠ (ምዕራፍ 16)። ኋላ ሜምፊቦስቴ ጢሙን ሳያበጅ፣ ልብሱን ሳያጥብ መጥቶ እውነቱን ተናገረ፤ እግሩ ሽባ ስለ ሆነ አህያ ጭኖ ንጉሡን ሊከተል አስቦ ነበር፤ አገልጋዩ ግን አታለለው (ምዕራፍ 19)። ንጉሡ ርስቱ እኩል ይካፈል ብሎ ፈረደ።

ሜምፊቦስቴ እንጀራ አልጎደለበትም፤ ከንጉሡ ማዕድ ይበላ ነበርና። የጎደለው አህያው ነው። ያለ ሲባ ፈቃድ ከቤቱ መውጣት ስላልቻለ ሐሳቡን ንጉሡ ዘንድ የተናገረለት ሌላ ሰው ሆነ፤ ያም ሰው ዋሸበት። እኛ ለልጅቱ እናት ያቀረብናቸው ጥያቄዎች በፍቅር የተደረጉ ቢሆኑም መንገዳቸው ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዘመናችን ይህን ጉዳይ ከሁሉ አጥርቶ ያሳየ ሰው የካሊፎርኒያው ኤድ ሮበርትስ ይመስለናል። ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1939 ተወልዶ ኳስ ሲጫወትና ሲሮጥ አደገ። በ1953 የ14 ዓመት ልጅ ሳለ የልጅነት ልምሻ ማለትም ፖሊዮ ያዘው፤ የሳልክ ክትባት የተፈቀደው ከ2 ዓመት በኋላ በ1955 ነበር። ከሁለት የእጅ ጣቶቹና ከጥቂት የእግር ጣቶቹ በቀር ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው፤ ለመተንፈስም የብረት ሳንባ በሚባል ትልቅ መሣሪያ ውስጥ መተኛት ነበረበት። ራሱ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ ሐኪሙ ለእናቱ ልጁ ቢተርፍ እንደ አትክልት ሆኖ እንደሚቀር፣ ቢሞት እንደሚሻለው ነገራቸው። ካደገ በኋላ በዚህ ነገር ይቀልድ ነበር፤ አትክልት መሆኔ ካልቀረ ከውጭ እሾኻም ከውስጥ ግን ልበ ለስላሳ የሆነውን አርቲቾክ ልሁን ይል ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ቀልድ አልነበረም። ልጁ ምግብ እንቢ ብሎ ሊሞት ተነሣ። የተለየ አስታማሚ ነርስ ሄዳ ብቻውን በቀረ ጊዜ ግን፣ መኖርም መሞትም በራሱ ምርጫ እንደ ሆነ ተረዳና መብላት ጀመረ።

እናቱ ወይዘሮ ዞና ያደረጉትን ለወላጆች በተለይ ልናመለክት እንወዳለን። ልጁ በመጀመሪያ የሚማረው ከቤቱ ሆኖ በስልክ መስመር ነበር። እናቱ ግን በሳምንት ለጥቂት ሰዓት በአካል ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ አስገደዱት። እርሱ የፈራው ሰው ዓይኑን ይተክልብኛል ብሎ ነው፤ እንደ ፈራውም ሆነ፤ ሁሉም ተመለከተው። ይሁንና ሰው ስላየው አለመሞቱን አስተዋለ፤ እንዲያውም መታየትን እንደ ዝና ሊቆጥረው እንደሚችል አወቀ። ሊመረቅ ሲል ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጎልመሻና የመኪና መንዳት ትምህርት አላሟላህም ብሎ ዲፕሎማውን ከለከለው። ወይዘሮ ዞና እስከ ትምህርት ቦርዱ ድረስ ሄደው ተከራከሩና ዲፕሎማውን አሰጡት። አካሉ የማይንቀሳቀስን ልጅ መኪና አልነዳህም ብሎ መከልከል ዛሬ ያስቀናል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠየቁ አንዳንድ የ«ጤንነት» ማስረጃዎች ግን ከዚህ ብዙ የሚለዩ አይመስለንም።

ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1962 በበርክሊ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የክፍለ ግዛቱ የመልሶ ማቋቋም መሥሪያ ቤት ሥራ ሊሠራ የማይችል ሰው ነው በማለት የትምህርት ወጪውን አልከፍልም ብሎ ነበር፤ ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ግን ውሳኔውን ለወጠ። የብረት ሳንባውን የሚችል የተማሪ ማደሪያ ስላልተገኘ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጠው። ከዓመት በኋላ ሌሎች ከባድ ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ተከተሉት። በዚያ ስፍራ መጀመሪያ በሽተኞች ተብለው ነበር የገቡት፤ ነገር ግን ረዳቶቻቸውን ራሳቸው መቅጠርና ማሰናበት፣ የሚተኙበትንና የሚነሡበትን ሰዓት ራሳቸው መወሰን ለመዱ። በ1972 በበርክሊ ከተማ የተቋቋመው የነጻ ኑሮ ማዕከል ከዚህ የተወለደ ነው፤ የሚመሩት አካል ጉዳተኞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ረዳት በመፈለግ፣ ቤት በማፈላለግ፣ ተሽከርካሪ ወንበር በመጠገን ያገለግል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ሮበርትስን የዚያው የመልሶ ማቋቋም መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ሥራ አይችልም ያለው መሥሪያ ቤት አለቃው ሆነ ማለት ነው። በ1995 በ56 ዓመቱ አረፈ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። ሮበርትስ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ወንበር በጣቶቹ መንዳት አልችልም ብሎ ለዓመታት ሲገፋ ኖሮ፣ መንዳት የተማረው አንዲት ልጅ በወደደ ጊዜ ነው፤ ወዳጁን ሊያይ ሲሄድ ገፊው አብሮ መቆሙ አስቸግሮት። ወጣት አካል ጉዳተኞችን ስለ ትዳር ማነጋገር የምንሸሽ ካህናትና መምህራን ብናስብበት መልካም ነው። ሜምፊቦስቴም ሚካ የሚባል ልጅ ነበረው።

እርግጥ የካሊፎርኒያ ነገር ሁሉ በእኛ ሰፈር አይሠራም። እዚያ ለረዳቱ ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት አለ፤ መንገዱም ለጥ ያለ ነው። በእኛ ዘንድ ረዳቱ የቤተሰብ ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም እኅት ናት። ወንድሟን ለማጠብ፣ ለማጉረስ፣ ከቤት ለማውጣት ስትል ከትምህርት የቀረች እኅት በብዙ ቤት አለች። የአንዱ ሕይወት የሚቀናው በሌላይቱ ዕድሜ ከሆነ በቤቱ ውስጥ ሁለት ልጆች ተጎዱ እንጂ አንዱ ነጻ አልወጣም። የቁምስናው ወጣቶችና እናቶች በየተራ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢተኩላት፣ ይህ ገንዘብ ከማዋጣት ይልቅ የሚከብድ ነገር ስለ ሆነ ነው ልናስታውስ የወደድነው።

በአገራችን መልካም መነሻ የለም ማለት አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከል የልጅነት ልምሻ ያገኛቸውን ልጆች በድጋፍ ብረትና በክራንች እንዲራመዱ ሲረዳ ኖሯል። እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃንም ዕጣው ተቆርጦ አያበቃም፤ ዶክተር ፖንሴቲ የተባሉት ሐኪም ባስገኙት ዘዴ፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢወሰድ፣ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጀሶ እግሩ ቀስ በቀስ ይቃናል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ሌሊት ሌሊት ልዩ ጫማ ያደርጋል። ብዙዎች የሚዘገዩት ነገሩን እርግማን ነው ብለው ስለሚደብቁት ነው፤ ጌታችን ስለ ዕውሩ ሰው ሲጠየቅ የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ መመለሱን (ዮሐንስ 9) ለእነዚህ ወላጆች ማስተማር የመምህራኑ ፈንታ ነው። ሕጉም ቢሆን አለ፤ አካል ጉዳተኛ በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይደረግበት የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው።

ስለ ቤቱ ጥቂት እንበል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሸሚዙን ለመቆለፍ 20 ደቂቃ ይፈጅበት ይሆናል፤ እናት ብትቆልፍለት በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ጠዋት ሁሉ ችኮላ ስለ ሆነ እናት ይቆልፉለታል፤ ልጁም በ20 ዓመቱ ሸሚዝ መቆለፍ አያውቅም። ልጁን ቀደም አድርጎ መቀስቀስ ይቻላል። ተቀምጣ ሽንኩርት መላጥ፣ ቡና መቁላት የምትችል ልጅ ከማጀት ሥራ ስትገለል ያዘኑላት ይመስላቸዋል፤ እርሷ ግን እንግድነቷን ትቆጥራለች። ወደ ሱቅ ይላክ፤ መልሱን ራሱ ይቁጠር፤ ቢሳሳትም እንደ እኅቶቹ ይቆጡት። ዕድሜው ሲደርስ በእድር በራሱ ስም ይመዝገብ፤ ልቅሶ መድረስ የማይችል የመሰላቸው ዳኛ ካሉ ቁጭ ብሎ ስም መጻፍና ሒሳብ መያዝ እንደሚችል ይነገራቸው።

መምህራንም ልጁን ራሱን ይጠይቁ፤ ንግግሩ የሚጎተትበት ከሆነ እስኪጨርስ ይታገሡ። ያልገባቸውን እንደ ገባቸው ሆነው ራሳቸውን መነቅነቅ ልጁ ወዲያው የሚያውቀው ማታለል ነው፤ ድገመው ማለት አያስነውርም። በኑዛዜ ጊዜ እናት ከአጠገቡ ፈቀቅ ይበሉ፤ ይህ ልጅ ምሥጢሩን ለብቻው የሚናገርበት ሌላ ስፍራ በዓለም ላይ ላይኖረው ይችላል።

የቁምስና ምክር ቤቶችም ሜትር ይዘው ይነሡ። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ ዘንበል ያለ መወጣጫ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። የአዳራሻችን ሦስት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ከፍታው 45 ይሆናል፤ መወጣጫው እንግዲህ 5 ሜትር ከ40 ነው። ከዚያ ያጠረ ከሆነ ልጁ ገፊ ያስፈልገዋል፤ ሲወርድም ያስፈራዋል። የሲሚንቶውን ወጪ ግንበኛ ጠርቶ ማስገመት የአንድ ቀን ሥራ ነው። የበሩም ስፋት ከ80 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ይለካ። ሽንት ቤቱም ይታይ፤ በዚያ ገብቶ መዞር ስለማይችል እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳይጠጣ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ወጣት ሊኖር ይችላልና፣ እርሱን ራሱን ጠርተው ምን ቢሠራለት እንደሚወድ ይጠይቁት።