የረጅም ጉዞ ፈረስና የጡንቻ ጉዳት



ከተማ ያደገ መምህር ገጠር ሲመደብ፣ መኪና የማይገባበትን መንገድ በፈረስ ወይም በበቅሎ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። ኮርቻ ላይ መውጣቱን ማንም ያሳየዋል። ግን ፈረሱ መንገድ ላይ ድንገት ደርቆ ቢቆምስ? «ለገመ» ብሎ ይግረፈው? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

የረጅም ርቀት ግልቢያ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። ከታወቁት ውድድሮች አንዱ የሆነው የቴቪስ ዋንጫ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. በዌንደል ሮቢ ተጀመረ። ፈረሰኛው 100 ማይል፣ ማለት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራና ሸለቆ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለፍ አለበት። ታዲያ ቀድሞ መድረስ ብቻውን አይበቃም። በየመቆሚያው የእንስሳት ሐኪም የፈረሱን የልብ ምትና አረማመድ ይመረምራል፤ ብቁ ያልሆነው ይቀራል። ፈረስ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ የጡንቻ መደንደን ነው።

ሀ/ ጡንቻው ምን ይሆናል?

ከአቅም በላይ የሠራ ጡንቻ ይኮማተርና መላላት ያቅተዋል፤ ሕዋሳቱም ይፈርሳሉ። ከፈረሱት ሕዋሳት የሚወጣው ቀይ ንጥረ ነገር (ማዮግሎቢን) በደም አድርጎ ኩላሊት ይደርሳል፤ ሲበዛም ኩላሊትን ይጎዳል። ድሮ ምክንያቱ የላክቲክ አሲድ ክምችት ነው ይባል ነበር፤ ኋላ የተደረገው ምርምር ግን ይህን አልደገፈም።

ለ/ እንዴት እንከላከል?

1ኛ/ ልምምድ፦ ርቀቱ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ሲነሡም ሲደርሱም ፈረሱ ለጥቂት ጊዜ በእርምጃ ይሂድ።

2ኛ/ ቀለብ፦ ፈረሱ ባረፈበት ቀን ገብሱ ይቀነስ፣ ሣሩ ይብዛ። ቆሞ ሙሉ እህል የበላ ፈረስ በማግስቱ ከባድ ሥራ ሲጀምር አደጋ ላይ ነው።

3ኛ/ ውሃና ጨው፦ የሰው ላብ ጨው ከደሙ ያነሰ ነው፤ የፈረስ ላብ ግን ከደሙ ጨው የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ፈረስ ብዙ ውሃና ጨው አጥቶም ጥሙ ላይሰማው ይችላል። በየወንዙ እንዲጠጣ ጊዜ ስጡት፤ ጨውም አይቅርበት።

4ኛ/ የልብ ምት፦ ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ያህል ይመታል። በብዙ ውድድሮች ከመቆሚያው ለመነሣት ምቱ ወደ 60 ወይም 64 መውረድ አለበት። እኛም በግራ በኩል ከክርኑ ኋላ እጃችንን አድርገን 15 ሴኮንድ ቆጥረን በ4 ማባዛት እንችላለን። ቆይቶም አልወርድ ካለ ጉዞው ይብቃ።

5ኛ/ ፈረሰኛው፦ ኮርቻው በደንብ ይቀመጥ፤ ቁልቁለት ላይ ወርዶ በእግር መሄድ የፈረሱን ጀርባና ታፋ ያሳርፋል።

ሐ/ ከደረሰስ?

እርምጃው ያጥራል፤ የኋላ እግሮቹ ይገተራሉ፤ ታፋው ሲዳሰስ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ያልበዋል፤ ሽንቱም እንደ ቡና ሊጠቁር ይችላል። ሰው ይህን አይቶ ቁርጠት ይመስለዋል፣ ወይም «ሲሄድ ይፍታታል» ብሎ ይጎትተዋል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው! እያንዳንዱ እርምጃ ተጨማሪ ጡንቻ ሊያፈርስ ይችላል።

ስለዚህ ወዲያው ውረዱ፤ ኮርቻውን አንሡ፤ ፀሐይ ከሆነ ውሃ አፍስሱበት፣ ብርድ ከሆነ ታፋውን በጋቢ ሸፍኑ፤ ውሃ አቅርቡለት፤ ሐኪም አስጠሩ። ውሃ ላነሰው ፈረስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕመም ማስታገሻ መስጠት ኩላሊቱን ይጎዳል።

መሽቶ ይሆናል፣ ትምህርት ቤቱም ከወዲያኛው ጋራ ላይ ይታይ ይሆናል። ቢሆንም በእግር ሄዶ አርፍዶ መድረስ ይሻላል። የተውሶ ፈረስ ከሆነ ደግሞ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ሀብት ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች፦

1. ፈረስ ብዙ አልቦት ሳለ ውሃ ላይፈልግ የሚችለው ለምንድን ነው?
2. በ15 ሴኮንድ 18 ጊዜ የመታ ልብ በደቂቃ ስንት ይመታል? ጉዞው ይቀጥል?
3. ታፋው የደነደነ ፈረስ ለምን አይጎተትም?